የሙዳዩ ጀርባ

«ስንት ነው?» አለችኝ።

ሙዳዩን በሁለት እጇ ይዛው ነበር። ክዳኑን ከፈተች። ውስጡን አየች፣ አሸተተች፣ መልሳ ከደነችው። አዲስ ስፌት የራሱ ሽታ አለው፤ ደረቅ ሣርና ፀሐይ ይሸታል። ወዳዋለች። ፊቷ ላይ አየሁት።

ዋጋውን ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ወስኛለሁ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በልቤ ሦስቴ ደጋግሜዋለሁ። 900 ብር።

«የፈለግሽውን ስጪኝ» አልኳት።

300 ብር ሰጠችኝ። አልተቀየምኳትም፣ ዛሬም አልቀየማትም። የፈለግሽውን አልኳት፣ የፈለገችውን ሰጠች። ግን ሙዳዩ ፌስታል ውስጥ ገብቶ ከሰው መሀል ሲጠፋ ሆዴ ባር ባር አለው። 26 ሰዓት የሠራሁት ነው። በግምት አይደለም። ሰዓቱን ቆጥሬዋለሁ።

ያ የመጀመሪያ ሽያጬ ነው። ኅዳር ነበር፣ ሰኞ ቀን፣ ሐዋሳ ገበያ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰኞና ሐሙስ አልፏል። ያችን «የፈለግሽውን» ግን እስካሁን አስባታለሁ። ከየት እንደመጣች ለማወቅ ስለፈለግሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ሰዓት መቁጠር የለመድኩት ፋብሪካ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔ 24 ዓመቴ ነበር። ያኔ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከየወረዳው ልጆች ይመጡ ነበር፤ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። እኔ የከተማው ልጅ ስለሆንኩ፣ የምኖረውም ከእናቴ ጋር ስለሆነ፣ የቤት ኪራይ አላሳሰበኝም። መነሻ ደሞዜ 750 ብር ነበር። መጀመሪያ የሸሚዝ ኮሌታ እሰፋ ነበር። በኋላ ጥራት ቁጥጥር ውስጥ ገባሁ።

እዚያ ሁሉም ነገር በሰከንድ ይለካል። ኮሌታ መግጠም ይሄን ያህል፣ ቁልፍ መትከል ይሄን ያህል። ሰዓት የያዘ ሰው ከኋላሽ ቆሞ ይለካል። አንዱ ላይን፣ ማለትም አንዱ የማሽን ረድፍ፣ በሰዓት ስንት ሸሚዝ እንዳወጣ ነጭ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ታርጌት የሚባለው ቁጥር ከላይ ነው፣ የእኛ ቁጥር ከሥር። የእኔ ሥራ ሸሚዙን ገልብጦ ማየት ነበር። ፊቱን ማንም ያየዋል። ጥድፊያና ድካም የሚታየው በጀርባው ነው። የላላ ክር፣ የዘለለ ስፌት፣ የተሸበሸበ ጠርዝ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። በቀን ስንት መቶ ሸሚዝ እንደገለበጥኩ አላስታውስም። የገዛውን ሰው ግን አንድም ቀን አላየሁም።

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል አስወጣች። ወደ አሜሪካ የሚሄደው ልብስ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ቀረ። ትእዛዝ ቀነሰ፤ እኔ የነበርኩበት ላይንም ተዘጋ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። የልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ ሠራሁ፣ የሰው ሱቅ ጠበቅሁ። ቀኑ አለፈ።

ወደ ሣር ስፌት ያመጣኝ የእናቴ ዐይን ነው። ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ የዐይን ሞራ አስቸገራት። አንዱ ዐይኗ ጭራሽ ደበዘዘ። መስኮት ሥር ጀምራው የነበረ ሰፌድ ሳይጨረስ ተቀመጠ። ወስፌው እንደተሰካበት ነበር። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። አንድ ቀን ዝናብ ሲዘንብ፣ መብራትም ጠፍቶ፣ አነሳሁት።

እናቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው ያደገችው። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ሐዋሳ ሲመደብ አብራው መጣች። ይዛው የመጣችው መሶብ ዛሬም ብፌው ላይ አለ። ራሷ ነች የሰፋችው፣ ገና ልጅ ሆና። በእሷ አገር ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ልጃገረዶች ስንደዶና አክርማ ለቀማ ይወጣሉ። የሚለቀመው ሣሩ ሳይደርቅና ሳይሰባበር ነው። ካለፈ አለፈ፣ ለከርሞ ነው። እኔም እስካሁን ሣሬን የማገኘው ከዚያው ነው። አክስቴ መስከረም ላይ እስር እስሩን ጠቅልላ በአውቶቡስ ትልክልኛለች።

ስፌት ላላየ ሰው ቀላል ይመስላል። ውስጡን የሚሞላው ሣር እንደ ገመድ ይያዝና ክብ እየዞረ ይሄዳል። በላዩ የሚጠመጠመው ቀለም የተነከረው አለላ ነው። ውሃ ነክሮ ማለስለስ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ይሰበራል። ከሥር ያለውን ዙር በወስፌ ትበሻለሽ፣ አለላውን ታሾልኪያለሽ፣ ትስቢያለሽ። እንደገና ትበሻለሽ። በቃ ይኸው ነው። አስቸጋሪው የአሳሳቡ ልክ ነው። ካጠበቅሽው ሰፌዱ ይጎብጣል፤ ካላላሽው ዙሩ ይከፈታል። ልኩን የሚነግርሽ ሰዓትም ሰሌዳም የለም። ጣትሽ ብቻ ነው።

እናቴ ዐይኗ አያይም፣ ጣቷ ግን ያያል። የሰፋሁትን ትቀበለኝና በአውራ ጣቷ ዙሩን ተከትላ ትሄዳለች። ድንገት ትቆማለች። «እዚህ ጋ ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ነበር» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እዚያ ጋ ስልክ እያወራሁ ነበር። «ፍቺው።» የመጀመሪያዋን ሰፌድ ሦስት ጊዜ ፈትቻታለሁ። ፋብሪካ ውስጥ የማይረባውን ሸሚዝ ለይቼ ወደ ጎን እጥል ነበር፣ የምታስተካክለው ሌላ ሴት ናት። እዚህ የምለየውም የምፈታውም እኔው ነኝ።

እስከ ጥቅምት ዘጠኝ ዕቃ ሰፋሁ። ሦስት ሙዳይ፣ ሁለት ትንንሽ ሰፌድ፣ አራት የስኒ ማስቀመጫ። አንድ ደብተር ገዛሁና የእያንዳንዱን ሰዓት ጻፍኩ። ለምን እንደምጽፍ ያኔ አላሰብኩበትም። እጄ ለምዶት ነው።

እሸጠዋለሁ ስላት እናቴ አልመለሰችልኝም። ቆይታ ቆይታ፣ «ስፌት ገበያ ይወጣል እንዴ?» አለችኝ።

ይህን አባባሏን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። በእሷ ቤት ስፌት ሙያ ነው። ሙያ ማለት የሴቷ ክብር ነው። «ባለሙያ ናት» የሚባለው ጠላዋና ወጧ ታይቶ፣ ስፌቷም ታይቶ ነው። ይሰጣል፣ ይዳርበታል፣ ለእንግዳ ይቀርብበታል። አይሸጥም። ለገበያ የሚሠሩት ሌሎች ነበሩ፤ ሸክላ የምትሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሠራው። እነሱ ደግሞ በገዛ ሥራቸው ስም ይሰደቡ ነበር። ስድቦቹን እዚህ መድገም አልፈልግም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ግን በብዙ የአገራችን ክፍል የሸክላ ሠሪ ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ ዛሬም ዘር የሚቆጠርበት ቤት አለ። ይሄ ያመኛል። በሠራችው ድስት እየበሉ እሷን መናቅ ምን ማለት ነው?

ለዚህ ይመስለኛል እናቴ የደነገጠችው። እኔን ልትከለክለኝ አልፈለገችም። ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው ልሻገር እንደሆነ ገብቷታል።

ጓደኞቼ ፍቅር ሐይቅ ዳር ውጪ፣ እንግዳ ይበዛል ብለውኝ ነበር። አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላና አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ፎቶ ሊያነሳ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፣ እውነት ነው። እኔ ግን ዕቃዬን የሚገዛው ሰው እንዲጠቀምበት ነበር የፈለግሁት። ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ብቻ አይደለም። ስለዚህ ገበያውን መረጥኩ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ማዳበሪያ አነጠፍኩ፣ በላዩ ነጠላ። ዕቃዬን ደረደርኩ። ገና ሳልቀመጥ አንዲት ሴት ቲማቲሟን ይዛ መጣችና ቦታው የእሷ እንደሆነ ነገረችኝ። አልተቆጣችም። ጉልት ላይ የቦታ ወረቀት የለም፣ ግን ሁሉም የራሱን ያውቃል። ዓመታት የተቀመጥሽበት መሬት ያንቺ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ አነሳሁ፣ ወደ ጥግ ሄድኩ። እዚያም የሰው ነበር። ሦስተኛው ቦታ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ጀበናዎቻቸውን ወደ ራሳቸው ሰብሰብ አደረጉና በእጃቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉልኝ። «ነይ፣ ልጄ። ዳኤ ቡሹ» አሉኝ። በሲዳምኛ እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ነው።

እማማ ነው የምላቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ እሳቸውም አይፈልጉም። ጀበና፣ ድስትና ሻፌታ ይሸጣሉ። ሻፌታ ሲዳማ ከእንሰት የሚሠራውን ቡርሳሜ የሚያቀርብበት ሰፊ የሸክላ ገበታ ነው። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጦ በቅቤ የራሰውን ቡርሳሜ ከዚያ ይበላል። እማማ ሸክላውን ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት። አፈሩን የሚያወጡትም፣ የሚያቦኩትም፣ የሚተኩሱትም እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው «የፈለግሽውን ስጪኝ» ስል የሰሙኝ።

ገዢዋ እስክትርቅ ጠበቁ። ከዚያ፣ «ስንት ቀን ሠራሽው?» አሉኝ።

«26 ሰዓት።»

«እሷ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ማን ይንገራት ታዲያ?»

ሌላ ነገር አላሉኝም። አንድ ሰው መጣ፣ ጀበና አነሳ። እማማ ከእጁ ተቀበሉት። በጣታቸው ኳ አደረጉት። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ሰነጠቅ ያለው ሸክላ እንደዚያ አይጮህም፣ ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ ገልብጠው ታችኛውን አሳዩት፣ ጆሮውን በሁለት ጣት ይዘው አንጠለጠሉት፣ መልሰው ሰጡት። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ስለ ዋጋ አልተናገሩም። ሰውየው ራሱ በጣቱ ኳ አደረገና አዳመጠ። ከዚያ ነው «ስንት ነው?» ያለው። እማማም ዋጋውን ነገሩት። ድምፃቸው አልቀነሰም፣ አልጨመረም። ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ነው የተናገሩት። ሰውየው ቀንሱ አለ፣ ጥቂት ቀነሱለት፣ ከፈለ። ሲሄድ፣ በደንብ ሳታሟሸው ቡና እንዳታፈላበት ብለው ከኋላው ጮኹ።

ቁጭ ብዬ ይህን ሳስብ እጄ ራሱ ወደ ሁለተኛው ሙዳይ ሄደ። ገለበጥኩት። ጀርባውን አየሁት። ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፣ መገልበጥ። እዚህ ሳልገለብጥ ነበር የደረደርኩት። የስፌት ጀርባ ብዙ ይናገራል። የአለላው ጫፎች የት ገብተው እንዳለቁ፣ ዙሩ እኩል መሆኑ፣ መሀሉ ላይ የተጀመረበት ቦታ መጥበቁ። ጥሩ ስፌት ከፊቱ ይልቅ በጀርባው ያኮራል። እናቴ እኮ ሰፌድ ስትቀበለኝ መጀመሪያ የምትዳስሰው ጀርባውን ነው።

ሁለተኛዋ ገዢ ወደ አምስት ሰዓት ላይ መጣች። ቦርሳ የያዘች፣ ከሥራ ሹልክ ብላ የወጣች የምትመስል ሴት ናት። «ፕላስቲክ ነው?» አለችኝ መጀመሪያ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዛሬ በፕላስቲክ ክር የሚሰፋ ብዙ አለ። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ቶሎ ይሠራል፣ ርካሽ ነው። የሚሠሩትን አልነቅፍም፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ግን እንደ ሣር አይሆንም። ሣር ይተነፍሳል። እንጀራ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሲያላብ፣ መሶብ ውስጥ እንዴት እንደሚያድር ሁላችንም እናውቃለን።

«አይደለም፣ ሣር ነው። እይው» አልኳት። ገልብጬ ሰጠኋት። ጀርባውን በጣቷ እንድትዳስስ አደረግኋት። አለላው የት እንደገባ አሳየኋት። ክዳኑን ከፍቼ፣ ለብቻው የተሰፋ እንደሆነና አፉ ላይ ልክ እንዲገባ ሁለት ጊዜ ፈትቼ እንደሠራሁት ነገርኳት።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ። ራሷ ጠየቀችኝ!

«26 ሰዓት።»

ዝም አለች። «ዋጋውስ?»

«900 ብር።»

ልቤ ደረቴን ይደበድበው ነበር። ድምፄ ግን ወጣ። እማማ ወደ እኔ አላዩም፣ ጀበናቸውን ይጠርጉ ነበር።

«ትንሽ ቀንሺልኝ።»

«850 ይሁንልሽ።»

ከፈለች። በቴሌብር ላከችልኝ፣ ስልኬ ጢው አለ። ሄዳ ስትጨርስ እማማ ወደ እኔ ዞሩና ጉንጬን በሸክላ እጃቸው ነካ አደረጉኝ። ማታ ቤት ስደርስ አፈሩ ጉንጬ ላይ ነበር። ቶሎ አልታጠብኩትም።

የዚያን ዕለት ማታ ደብተሩን ከፈትኩ። ለአንድ ሙዳይ የሣሩ፣ የቀለሙ፣ የባጃጁና የቦታው ወጪ አንድ ላይ 200 ብር ገደማ ይደርሳል። 900 ብር ብሸጠው 700 ይቀረኛል። ለ26 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 27 ብር ገደማ ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን የሰው ሥራ ይመስላል። ከዚያ የመጀመሪያውን ሙዳይ አሰላሁ። ከ300 ብር ወጪው ሲነሳ 100 ይቀራል። በሰዓት አራት ብር አይሞላም።

አራት ብር አይሞላም። ይህን ቁጥር የማውቀው መሰለኝ። የድሮውን 750 ብር ወሰድኩ። በሳምንት 48 ሰዓት፣ በወር ከ200 ሰዓት በላይ። አካፈልኩት። እሱም አራት ብር አይሞላም።

ብዕሩን አስቀመጥኩት። ማንም ሰው ፊቴ ላይ ሰሌዳ አልሰቀለም፣ ማንም ሰዓት ይዞ ከኋላዬ አልቆመም። የመጀመሪያዋ ገዢ ዋጋ ስትጠይቀኝ ለራሴ የሰጠሁት ያንኑ የድሮውን ዋጋ ነው። ደግሞ የያኔው አራት ብርና የዛሬው አራት ብር አንድ አይደሉም። የዛሬው ከያኔው በጣም ያንሳል። ስለዚህ እኔ ለእጄ ከፋብሪካው ያነሰ ነው የከፈልኩት። ይህን እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ነው ያሰላሁት። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ አንድ ብር ተቆጥሮላት አያውቅም። ክብር ነው ተብሎ ነው። ክብር መሆኑን አልክድም፣ መሶቧን ሳይ ይሰማኛል። ግን ክብር የተባለ ነገር ሁሉ ሰዓቱ ሳይቆጠር መቅረት አለበት? እማማ የተናቁበት ሥራና እናቴ የተመሰገነችበት ሥራ አንድ የሚያደርጋቸው ይህ ይመስለኛል፤ ሁለቱንም የእጃቸውን ሰዓት የጠየቃቸው የለም።

ሐሙስ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርኩ፣ በሚያሳፍር መንገድ።

ሰኞ ዕለት አራቱን የስኒ ማስቀመጫ አንድ ወጣት ገዝቶኝ ነበር። ቡና ጠጡ ከፍቷል፤ ለደንበኞቹ ደስ የሚል ነገር ፈልጎ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ይዞ መጣ። አንድ ነጭ ጨርቅም ይዟል። ረከቦቱ ላይ የሚያነጥፈው ነው። ጨርቁ ላይ ሁለት ክብ ቀይ ምልክት ነበር፣ በትክክል የማስቀመጫዬን ያህል። ውሃ ሲነካው አለላው ቀለሙን ለቋል።

«እህት፣ ይሄ እኮ ይለቃል» አለኝ። ድምፁን አላነሳም። ያ ይበልጥ ከበደኝ።

ገንዘቡን ሙሉ መለስኩለት። ጨርቁንም ልተካ ብለው እምቢ አለኝ። የማይለቅ ስትሠሪ ጥሪኝ ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ልሄድ ነበር። እማማ ያዙኝ። እሳቸው ተተኩሶ የፈነዳ ሸክላ ስንት እንደጣሉ ነገሩኝ። አንዳንዴ የአንድ ሳምንት ሥራ በአንድ እሳት ይሰባበራል አሉኝ። «ጠዋት ደግሞ አፈር ማውጣት ነው» አሉ።

ጥፋቱ የቀለሙ ብቻ አልነበረም፣ የእኔም ጭምር ነው። ቸኩዬ ነበር። ሣሩን ቀለም ውስጥ ቀቅዬ አንዴ ብቻ ነበር ያለቀለቅሁት፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እናቴን ስጠይቃት፣ የሚታጠበው ውሃው ንጹሕ እስኪሆን ነው አለችኝ፤ አምስትም ስድስትም ጊዜ። የሚደርቀው ጥላ ውስጥ ነው። ከመሰፋቱ በፊት ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መጥረግ ነው፤ ጨርቁ ከቀላ ገና ነው ማለት ነው። ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም አልኳት። «እኛ መሶብ ላይ ውሃ አናስቀምጥም ነበር» አለችኝ። ልክ ናት። እሷ የምታውቀው መሶብና ሙዳይ ነው። የስኒ ማስቀመጫ የእኔ ሐሳብ ነው። አዲስ ዕቃ ስታወጪ አዲስ ፈተናም አብሮት ይመጣል፤ ፋብሪካ ውስጥ እንኳ አዲስ ጨርቅ ሲገባ መጀመሪያ ታጥቦ ነበር የሚታየው። ይህን እያወቅሁ ረሳሁት።

አሁን እያንዳንዱን አለላ በነጭ ጨርቅ እፈትናለሁ። ጨርቁን ገበያ ይዤው እሄዳለሁ። ገዢ ከጠየቀኝ ውሃ አርከፍክፌ ፊቱ እጠርገዋለሁ። ለልጁም አራት አዲስ ሰፍቼ ወሰድኩለት። እስካሁን አልለቀቀም።

አንድ ነገር ቀረኝ።

ያን የመጀመሪያውን ሰኞ ማታ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ 300ው፣ ስለ 850ው፣ ስለ እማማ ጀበና። ስለ ብሩ ምንም አላለችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«ምን ልታስቀምጥበት ነው?»

«ማ?»

«ያች የመጀመሪያዋ። ሙዳዩ ውስጥ ምን ልታስቀምጥ ነው?»

አልጠየቅኋትም ነበር። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። በእሷ ዘመን ማን ምን እንደሚያስቀምጥበት ሳይታወቅ ሙዳይ አይሰፋም። ጥጥ ነው፣ ጌጥ ነው፣ ቅቤ ነው፣ ታውቂያለሽ። እንደዚያ ነው አፉና ጥልቀቱ የሚለካው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሴትየዋን አገኘኋት። ሽንኩርት ገዝታ በእኔ በኩል ስታልፍ አወቀችኝ። ቆመች። አዲሱን ሙዳይ አነሳች።

«ይሄስ ስንት ነው?»

«900 ብር።»

ሙዳዩን እንደያዘች ዝም ብላ ቆየች። ወደ እኔ አየች። ስለዚያኛው ዋጋ እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ቀስ አድርጋ ቦታው ላይ መለሰችው።

«ያንን ምን አስቀመጥሽበት?» አልኳት።

ፊቷ ፈካ። ለእናቷ ነው የገዛችው። እናቷ ከአልጋ ብዙም አይነሱም። መድኃኒታቸውንና መቁጠሪያቸውን እዚያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። አጠገባቸው ነው የሚያድረው። ሽታውን ይወዱታል፣ ያገራቸው ሽታ ነው ይላሉ። «ክዳኑ ብቻ ጠበቅ ይልባቸዋል» አለችኝ። «እኔ ቤት ከሌለሁ ልጆቹን ይጠራሉ፣ ክፈቱልኝ ብለው።»

ያንንም ክዳን ልክ እንዲገባ ብዬ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ነው የሠራሁት። በጥብቀቱ ኮርቼበት ነበር።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ከፍ አድርጋ ተነፈሰች። እጇን ዘረጋችና ወስፌውን ጠየቀችኝ። አንዱ ዐይኗ ተሠርቷል፣ አሁን ትንሽ ታያለች። ጫፉን በጣቷ ሞከረችው።

«ለአሮጊት እጅ እንደሱ አይጠብቅም» አለችኝ። «ስታገኚያት ታምጣው በያት። አፉን እኔ አላላላቸዋለሁ።»